የቡሎኙ ሐኪም ዱሼንና የኤሌክትሪክ ሣጥኑ



በኩዌት ከተማና በዙሪያዋ በሚገኙት ሰፈሮች፣ በሐወሊም ሆነ በሳልሚያ፣ በጀብሪያም ሆነ በፈርዋኒያ፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚያገለግሉ እኅቶቻችን ብዙ መሆናቸው የታወቀ ነው። ከነዚህም መካከል ከማብሰልና ከማጠብ ሌላ የታመመ ልጅ የመጠበቅ ሥራ የተሰጣቸው አሉ። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት የሆነችን አንዲት የወሎ ተወላጅ እኅታችን ናት። የምትጠብቀው ልጅ የስድስት ዓመት ሕፃን ሲሆን፣ በወሊድ ጊዜ አንጎሉ በመጎዳቱ እግሮቹ እንደ መቀስ ይጣመራሉ፤ ደግፈው ሲያቆሙት ተረከዙ መሬት አይነካም። ሐኪሞች ይህን ሁኔታ ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል። እኅታችን በሳምንት ሁለት ቀን ልጁን ይዛ ወደ ፊዚዮቴራፒ ትሄዳለች።

አንድ ቀን ባለሙያዋ በልጁ ቅልጥም ላይ ሁለት ትንንሽ ተለጣፊዎች አድርጋ፣ ከነሱ ጋር በሽቦ የተያያዘች በመዳፍ የምትያዝ ሣጥን ከፈተች። ልጁ በራሱ ፈቃድ ሊያነሣው ያልቻለው እግሩ ወዲያውኑ ከቁርጭምጭሚቱ ቀና አለ። ሣጥኗ ስትዘጋ ተመልሶ ወረደ። እኅታችን ባየችው ነገር ተገርማ በዕረፍቷ ቀን ወደኛ በመምጣት ሁለት ጥያቄዎች አቀረበችልን። አንደኛው፣ ኤሌክትሪኩ እግሩን ማንሣት ከቻለ ልጁ ስለምን አይድንም የሚል ነው። ሁለተኛው ከበድ ያለ ነበር። በአገር ቤት የአክስቷ ልጅ እንደዚሁ ሆኖ፣ ጎረቤት እንዳያየው በጓዳ ተቀምጦ ያድጋል። በገበያ ያየቻትን እንዲህ ያለች ሣጥን፣ ያጠራቀመችውን የሦስት ወር ደመወዝ አውጥታ ብትልክለት ልጁ ይራመዳል ወይ?

ከመካከላችን የጤና ትምህርት የሚከታተሉ ቢኖሩም፣ መልሱ በአንድ ቃል የሚሰጥ ሆኖ አላገኘነውም። ስለሆነም የኤሌክትሪክ ሕክምና አባት ተብሎ የሚጠራውን ሰው ሕይወት ከዚህ በታች ለማቅረብ ወደድን። ይህ ሰው ዛሬ እኅታችን የጠየቀችውን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠይቅ የኖረ ነው። ከሞተ 150 ዓመት ያህል ቢሆነውም፣ የደረሰበት መልስ ዛሬም ይሠራል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጊዮም ቤንጃሚን አማን ዱሼን ሴፕቴምበር 17 ቀን 1806 በሰሜን ፈረንሳይ በምትገኘው ቡሎኝ ሱር ሜር በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። ዘመዶቹ ከትውልድ እስከ ትውልድ ዓሣ አጥማጆች፣ መርከበኞችና የባሕር ነጋዴዎች ነበሩ። አባቱም የመርከብ አዛዥ ሲሆን፣ በናፖሌዎን ጦርነቶች ዘመን በባሕር ላይ ስላደረገው አገልግሎት የሌዢዮን ዶነር ኒሻን ተሸልሟል። አባትየው ልጁ የባሕር ሰው እንዲሆንለት ይመኝ ነበር። ልጁ ግን ልቡ ያዘነበለው ወደ ሳይንስ ነበርና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንደ ጨረሰ ወደ ፓሪስ ሄዶ ሕክምና ማጥናት ጀመረ። በዚያን ጊዜ የፓሪስ ሕክምና ትምህርት ቤት በዓለም ስሙ የገነነ ነበር፤ የልብና የሳንባ ማዳመጫን የፈለሰፈው ላኤኔክና የቀዶ ሕክምናው ሊቅ ዱፑይትራን ከመምህራኑ መካከል ነበሩ።

ዱሼን ስለ ቃጠሎ ቁስል የመመረቂያ ጽሑፉን አቅርቦ በ1831 ሐኪም ሆነ። በዚያው ዓመት በለንደን ማይክል ፋራዴይ የተባለው ሊቅ፣ ማግኔት በሽቦ ጥቅል ውስጥ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር ደረሰበት። እነዚህ ሁለት ሰዎች አንዱ ሌላውን አያውቅም ነበር። ሆኖም የፋራዴይ ግኝት ባይኖር ኖሮ የዱሼን ሥራ ባልኖረ ነበር።

ወጣቱ ሐኪም በፓሪስ ሹመት አልፈለገም፤ ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ ማከም ጀመረ፤ ሚስትም አገባ። ነገር ግን ደስታው ብዙ አልቆየም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሚስቱ ወንድ ልጅ እንደ ተገላገለች በወሊድ ትኩሳት ሞተች። ያዋለዳት ራሱ ዱሼን ብቻውን ስለ ነበረ፣ አማቱ ጥፋቱን በእርሱ ላይ አደረገች። ሐሜቱ በትንሿ ከተማ ተዛመተ። ሕፃኑን የእናቱ ቤተ ሰቦች ወስደው አሳደጉት፤ አባትና ልጅም ለብዙ ዓመታት ተለያይተው ኖሩ። የወሊድ ትኩሳት ከምን እንደሚመጣ በዚያን ዘመን አንድም ሐኪም በትክክል አያውቅም ነበር። ለዱሼን ግን ይህ እውነት ከሐሜት አላዳነውም። በኋላ ሌላ ሚስት ቢያገባም ትዳሩ አልሰመረለትም።

በዚህ የሐዘንና የብቸኝነት ዘመን ነው ወደ ኤሌክትሪክ ያዘነበለው። ጣሊያናዊው ጋልቫኒ የእንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ እንደሚፈራገጥ በ1791 ካሳወቀ ወዲህ፣ ብዙ ሐኪሞች ይህን ኀይል ለፈውስ ለማዋል ሞክረዋል። በፈረንሳይም በ1825 ሳርላንዲዬር የተባለ ሐኪም፣ ቀጭን መርፌ ወደ ሰውነት እየወጋ በመርፌው በኩል ኤሌክትሪክ የማስተላለፍን ዘዴ አስተዋውቆ ነበር። ዱሼን በቡሎኝ ይህንኑ በሽተኞች ላይ ሲሞክር፣ መርፌው ባለበት ሥፍራ ያለው ጡንቻ ብቻውን እንደሚኮማተር አስተዋለ። ሌሎች ሐኪሞች ይህን እንደ ትርፍ ነገር ሲያልፉት፣ እርሱ ቆም ብሎ አሰበበት። አንዱን ጡንቻ ከሌላው ለይቶ ማንቀሳቀስ ከተቻለ፣ የያንዳንዱን ጡንቻ ሥራ በሕይወት ካለ ሰው ላይ መማር ይቻላል ማለት ነውና።

መርፌው ግን ያማል፤ ቁስልም ያስከትላል። ዱሼን ከብዙ ሙከራ በኋላ ያለ መርፌ ማድረግ እንደሚቻል አረጋገጠ። ደረቅ ብረት በደረቅ ቆዳ ላይ ቢነካ ኤሌክትሪኩ ቆዳን ብቻ ያቃጥላል። ብረቱ ጫፍ ላይ እርጥብ ስፖንጅ ተደርጎ ቆዳውም ቢረጥብ ግን፣ ኤሌክትሪኩ ቆዳን አልፎ ከሥር ያለውን ነርቭና ጡንቻ ያገኛል። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። ዛሬ ግን በኩዌትም ሆነ በሌላ አገር በሕፃናት ቅልጥም ላይ የሚደረገው እርጥበት ያለው ተለጣፊ የዚያ ስፖንጅ የልጅ ልጅ ነው።

በ1842 ዱሼን ቡሎኝን ትቶ ወደ ፓሪስ ሄደ። ዕድሜው 36 ዓመት ገደማ ነበር። የሆስፒታል ሹመት የለውም፤ የዩኒቨርሲቲ ወንበር የለውም፤ ትልቅ ዘመድ የለውም። የያዘው በፋራዴይ ግኝት መሠረት የሠራውን የእንጨት ሣጥን ብቻ ነበር። በሣጥኑ ውስጥ ባትሪና የሽቦ ጥቅሎች አሉ፤ ጥቅሉን በማስገባትና በማስወጣት የኤሌክትሪኩን ብርታት ማስተካከል ይቻላል። ዱሼን በየማለዳው ይህን ሣጥን ተሸክሞ ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ይዞር ጀመር። የክፍሉን ሐኪም አስፈቅዶ በሽተኛውን ይጠይቃል፤ በመዳፉ ይዳስሳል፤ ሣጥኑን ይከፍታል፤ ያየውን ይጽፋል። አንድ በሽተኛ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲዛወር ተከትሎት ይሄዳል፤ ወደ ቤቱ ሲሰናበትም አድራሻውን ይዞ ይጎበኘዋል። በዚህ ዓይነት አንዱን በሽተኛ ለብዙ ዓመታት ይከታተል ነበር።

በመጀመሪያ የተቀበሉት በፌዝ ነው። አነጋገሩ የባላገር፣ ጠባዩ ዐይን አፋር፣ ጥያቄውም የማያልቅ ስለ ነበር ወጣት ሐኪሞች ይሣለቁበት ነበር። ይሁን እንጂ ዓመታት ሲያልፉ የሚሣለቁበት ሰዎች አንድ ነገር ተገነዘቡ። እነሱ ሽባነት ብለው በአንድ ስም የሚጠሩትን ነገር ይህ ባላገር ሐኪም ወደ ብዙ በሽታዎች ይለያየዋል። ከተለያዩ በኋላም ልዩነቱን ማንም ሊያየው ይችላል።

የዱሼን ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ስለሆነ በምሳሌ እናስረዳ። በዚያን ዘመን የፓሪስ ቀለም ቀቢዎች የእርሳስ ብረት ያለበት ነጭ ቀለም ይጠቀሙ ስለ ነበር፣ መርዙ ወደ ሰውነታቸው ገብቶ የእጃቸው አንጓ ይዝል ነበር፤ መዳፋቸውን ቀና ማድረግ ያቅታቸዋል። በሌላ አልጋ ላይ ደግሞ ደም በአንጎሉ ፈስሶ በአንድ ጎኑ ሽባ የሆነ ሰው ተኝቷል፤ እርሱም እጁን ማንሣት አልቻለም። ለተመልካች ሁለቱም ያው ናቸው። ዱሼን ግን ስፖንጁን በክንዳቸው ላይ አደረገ። የቀለም ቀቢው ጡንቻዎች ለኤሌክትሪኩ መልስ አልሰጡም። አንጎሉ የተጎዳው ሰው ጡንቻ ግን እንደ ጤነኛ ሰው ጡንቻ ተኮማተረ። ከዚህ የተነሣ ዱሼን የመጀመሪያው በሽተኛ ችግር በነርቩና በጡንቻው፣ የሁለተኛው ችግር ግን ከላይ፣ ትእዛዝ ከሚወጣበት ሥፍራ መሆኑን ለየ። ሣጥኑ ከመድኀኒትነቱ ይልቅ መጠየቂያ ሆነ። ጡንቻውን በሕይወት አለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ጡንቻውም ይመልሳል።

እኅታችን ለጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ መልሱ በዚህ ውስጥ ይገኛል። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ጡንቻው አልሞተም፤ ከህብለ ሰረሰር ወደ ጡንቻ የሚሄደው ነርቭም አልተበጠሰም። ኤሌክትሪኩ ነርቩን ሲቀሰቅስ ነርቩ ጡንቻውን ያዛል፤ እግሩም ቀና ይላል። የተጎዳው ገና በማደግ ላይ ሳለ ትእዛዙን የሚያዘጋጀው አንጎል ነው። ከአንጎል የሚመጣው መልእክት ሲዛባ አንዳንዶቹ ጡንቻዎች ከመጠን በላይ ይገተራሉ፤ ሌሎቹ ይዳከማሉ። ሣጥኑ እግሩን ያነሣ እንጂ አንጎሉን አልጠገነም፤ ሲዘጋም እግሩ የሚወርደው ስለዚህ ነው።

ዱሼን በፓሪስ ይህን ሲያደርግ፣ በለንደን ዊልያም ጆን ሊትል የተባለ ሐኪም ስለነዚሁ ሕፃናት ያጠና ነበር። ሊትል ራሱ በልጅነቱ በፖሊዮ ታሞ እግሩ ተጣሞበት ነበርና፣ ወደ ጀርመን ሄዶ ሽትሮማየር በተባለ ሐኪም ጅማቱ ተቆርጦ ከተቃናለት በኋላ ሙያውን ወደ አገሩ ይዞ የተመለሰ ሰው ነው። በ1861 ለለንደን የማዋለድ ሐኪሞች ማኅበር ባቀረበው ጥናት፣ ምጥ የጠናባቸው፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ወይም ሲወለዱ ትንፋሽ ያጠራቸው ሕፃናት እግራቸው ተገትሮ እንደሚቀር ገለጸ። በሽታው ለብዙ ዘመን የሊትል በሽታ ተብሎ ይጠራ ነበር። ሴሬብራል ፓልሲ የሚለውን ስም ያስፋፋው ደግሞ ካናዳዊው ሐኪም ዊልያም ኦስለር በ1889 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ለዛሬው ሕክምና አንዱ መሠረት የሊትል ምጥን መመርመር፣ ሌላው የዱሼን ጡንቻን መጠየቅ ነው ማለት ይቻላል።

ዱሼን የብዙ ዓመታት ልፋቱን በ1855 በመጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ኤሌክትሪክን በአንድ ሥፍራ ብቻ ስለማዋል የሚናገር ሲሆን፣ በ1861ና በ1872 እየሰፋና እየታረመ እንደገና ታተመ። በ1867 ደግሞ ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ ሌላ ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። ከርሱ በፊት የነበሩት ሊቃውንት የጡንቻን ሥራ የተማሩት ሬሳ እየከፈቱ ነበር። እርሱ ግን ጡንቻዎችን በሕይወት ካለ ሰው ላይ አንድ በአንድ እየቀሰቀሰ፣ እንዲሁም አንዱ ጡንቻ ብቻ የጠፋበትን በሽተኛ እያየ ተማረ። በዚህም መሠረት በጤነኛ ሰው አንድ ጡንቻ ብቻውን እንደማይሠራ፣ እጅን እንደ ማንሣት ያለ ቀላል ነገር እንኳ የብዙ ጡንቻዎች ስምምነት መሆኑን አስረዳ። ልጅን በእግሩ ለማስሄድ አንዱን ጡንቻ ማጠንከር የማይበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1872 በወጣው እትም ዱሼን ሌላ ነገርም አከለ። ሕፃን ሲወለድ ትከሻው ተይዞ በኀይል ሲጎተት ወደ ክንድ የሚሄዱት ነርቮች ይወጠራሉ ወይም ይበጠሳሉ፤ ክንዱም ዝሎ ይቀራል። ይህም እንደ ሴሬብራል ፓልሲ በምጥ ጊዜ የሚመጣ ቢሆንም ፍጹም የተለየ ነገር ነው፤ ጉዳቱ ከነርቩ እንጂ ከአንጎሉ አይደለም። ከሁለት ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ኤርብ ስለዚሁ ጽፎ፣ በሽታው እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል። በአገራችን ሁለቱም ዓይነት ልጆች በአንድ ስም ሽባ ሲባሉ ሰምተናል። የሚያስፈልጋቸው ሕክምና ግን አንድ አይደለም።

የዚህ ሰው ታላቅነት ከሁሉ የሚታየው ስሕተቱን ባረመበት ጊዜ ነው። በ1861 ባጥናቸው ተወፍሮ ሳለ ኀይል የሌላቸው፣ እያደር መራመድ የሚያቅታቸው ወንዶች ልጆች አጋጠሙት። ምክንያቱ ከአንጎል ይሆናል ብሎ ጻፈ። ነገሩ ግን አላረካውም። ከሕያው ሰው ላይ ጥቂት ሥጋ ለመውሰድ የምትችል ልዩ መርፌ አሠርቶ፣ የልጆቹን ጡንቻ በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። በ1868 አሥራ ሦስት ልጆችን መሠረት በማድረግ ባወጣው ጥናት በሽታው ከአንጎል ሳይሆን ከራሱ ከጡንቻው መሆኑን አስታውቆ የቀድሞ አሳቡን ተወ። ዛሬ የዱሼን የጡንቻ በሽታ በመባል የሚታወቀው ይኸው ነው። ስሙን ያገነነው ሥራ የራሱን ቃል ያፈረሰበት ሥራ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ይህን ስንል እንከን አልነበረበትም ማለታችን አይደለም። በበርሊን ሮበርት ሬማክ የተባለው ሊቅ፣ የማይቋረጠው የባትሪ ኤሌክትሪክ ዱሼን ከሚጠቀምበት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይሻላል፣ ጡንቻውም የሚነቃው ነርቩ በሚገባበት ነጥብ ላይ ነው በማለት ተከራክሮታል። ስለ ነጥቦቹ ሬማክ እውነት ነበረው፤ ዱሼን ግን ለሣጥኑ እጅግ ያደላ ነበር። ሌላም አለ። በ1862 ስለ ሰው ፊት ገጽታ ባወጣው መጽሐፍ፣ የፊት ጡንቻዎችን በኤሌክትሪክ እየቀሰቀሰ ሣቅና ሐዘን፣ ፍርሃትና ቁጣ በፎቶግራፍ አነሣ። ቻርልስ ዳርዊን በ1872 ባሳተመው መጽሐፍ ከነዚህ ፎቶግራፎች አንዳንዶቹን ተጠቅሞባቸዋል። በፎቶግራፎቹ ላይ ዘወትር የሚታየው ፊቱ የደነዘዘ አንድ ድሀ ሽማግሌ ነው። ዱሼን የተማረው በሀብታሞች ፊት ላይ አልነበረም፤ እንቢ ለማለት አቅም በሌላቸው በድሆች ሰውነት ላይ እንጂ። ሳይንስ ከድሆች የወሰደውን ዕውቀት ለድሆች መመለስ እንዳለበት ይህ ራሱ በቂ ማስረጃ ይመስለናል።

ዱሼን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ፕሮፌሰር አልሆነም። በሳልፔትሪዬር ሆስፒታል ግን ታላቁ የነርቭ ሐኪም ሻርኮ በሩን ከፈተለት፤ መምህሬ እያለም ያከብረው ነበር። በስተርጅናው ከልጁ ከኤሚል ጋር ታረቀ። ልጁም እንደ አባቱ ሐኪም ሆኖ በፓሪስ አብሮት መሥራት ጀመረ። ይህም መጽናናት አልቆየለትም፤ ኤሚል ከአባቱ አራት ዓመት ያህል ቀድሞ ሞተ። ዱሼን ራሱ በሴፕቴምበር ወር 1875 በአንጎሉ ደም ፈስሶ በፓሪስ ዐረፈ። ስንቱን በሽተኛ የመረመረበት ያው በሽታ የእርሱም መጨረሻ ሆነ።

ከሞቱ በኋላ የኤሌክትሪክ ሕክምና ዕጣ ፈንታ የተደባለቀ ነበር። በአንድ በኩል ነጋዴዎች የኤሌክትሪክ ቀበቶ እየሠሩ ሁሉን በሽታ ይፈውሳል በማለት ለሕዝብ ቸበቸቡ፤ በዚህም ምክንያት የቁም ነገሩ ሕክምና ስም ጠፋ። በሌላ በኩል የዱሼን መንገድ ፈጽሞ አልተዘጋም። በ1961 በአሜሪካ ሊበርሰን የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ፣ በአንድ ጎናቸው ሽባ ለሆኑ ሰዎች በጫማ ተረከዝ ሥር የኤሌክትሪክ ማብሪያ አደረጉ። ሰውዬው ተረከዙን ሲያነሣ ከጉልበቱ በታች ያለው ነርቭ ይቀሰቀሳል፤ እግሩም መሬት እንዳይጎትት ቀና ይላል። በኋላም ይህ ዘዴ ሴሬብራል ፓልሲ ላለባቸው ልጆች ተሞከረ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተስፋ ተሰጥቶ ሳይፈጸም የቀረም አለ። በ1970ዎቹ በኒው ዮርክ ኧርቪንግ ኩፐር የተባለ ቀዳጅ ሐኪም፣ መገተርን ለማላላት በትንሹ አንጎል ላይ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ መሣሪያ በቀዶ ሕክምና ይተክል ነበር። መሣሪያው መቼ እንደበራና መቼ እንደጠፋ በሽተኛው ሳያውቅ በተደረጉ ሙከራዎች ግን የጠራ ጥቅም አልታየም። በ1990ዎቹም ልጆች ተኝተው ሳሉ ጡንቻን የማያንቀሳቅስ ደካማ ኤሌክትሪክ ሌሊቱን መስጠት ተሞክሮ ብዙ ወላጆችን አስደስቶ ነበር። በኋላ ግን ምንም ኤሌክትሪክ ከማይሰጥ ተመሳሳይ ሣጥን ጋር ሲመዛዘን በእንቅስቃሴያቸው የረባ ልዩነት አልተገኘም።

ታዲያ ዛሬ የቀረው ምንድን ነው? ጡንቻን በሚያንቀሳቅስ መጠን፣ ልጁ ራሱ ለመራመድ ወይም ዕቃ ለመያዝ በሚሞክርበት ሰዓት የሚሰጥ ኤሌክትሪክ አንዳንድ ልጆችን ይረዳል። የደከመውን ጡንቻ ያጠነክራል፤ እግር ሲነሣ እንዳይጎተት ያግዛል፤ ልጁም የራሱ እግር ምን ማድረግ እንደሚችል እንዲሰማው ያደርጋል። ጥቅሙ መጠነኛ ነው፤ ሲቋረጥም ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል። ዋናው ሕክምና ልጁ ደጋግሞ የሚያደርገው ልምምድ፣ ትክክለኛ አቀማመጥ፣ የእግር ድጋፍ፣ እንደ አስፈላጊነቱም መድኀኒትና ቀዶ ሕክምና ነው። ሣጥኑ የነዚህ ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም። በሌላ በኩል የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ወይም ሕመሙን መናገር የማይችል ልጅ ያለ ባለሙያ ቢደረግበት ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

እንግዲህ ለእኅታችን ሁለተኛ ጥያቄ የሰጠናት መልስ ይህ ነው። ሣጥኗን አትግዢ አልናት። ገንዘቡ አስቀድሞ ልጁን ከጓዳ አውጥቶ ወደ ሐኪም ለመውሰጃ ይዋል። ሐኪሙ ችግሩ ከአንጎል፣ ከነርቭ ወይስ ከጡንቻ መሆኑን ይለይ፤ ዱሼን ዕድሜውን የጨረሰበት ጥያቄ ይህ ነውና። ከዚያ በኋላ እናቲቱ በየቀኑ በቤቷ የምታደርገውን ልምምድ ከባለሙያ ትማር። እኅታችን ይህን ስትሰማ በመጀመሪያ ቅር አላት፤ በሣጥኗ ብዙ ተስፋ ጥላ ነበርና። በኋላ ግን ለሦስት ዓመት በኩዌት ስታየው የኖረችውን ነገር መናገር ጀመረች። ልጁን ጎኑን እንዴት እንደምታስደግፈው፣ እግሮቹን እንዴት ቀስ ብላ እንደምትለያያቸው፣ ሲበላ አንገቱን እንዴት እንደምትይዘው አሳየችን። ከመካከላችን ይህን ያህል የሚያውቅ አልነበረም። ለአክስቷ ከማናቸውም መሣሪያ የሚበልጠው ስጦታ በእጆቿ ውስጥ ያለው ሙያ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳን፤ እርሷም ተረዳችው።

በኩዌት ለአካል ጉዳተኞች መብት በ2010 ቁጥር 8 የሆነ ሕግ ወጥቷል፤ ራሱን የቻለ የፊዚካል ሕክምናና የመልሶ ማቋቋሚያ ሆስፒታልም አለ። አገራችን ይህን ያህል ሀብት የላትም። ነገር ግን ባዶ እጇን አይደለችም። በ1962 የተመሠረተው የቼሻየር ድርጅት በመናገሻ በፖሊዮና በሌላ ምክንያት እግራቸው የተጎዳ ልጆችን ለብዙ ዓመታት ሲረዳ ኖሯል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲም ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ፊዚዮቴራፒ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። የጎደለው ልጁ ካለበት ጓዳ እስከ ባለሙያው ደጃፍ ያለው መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ከሁሉ የሚከብደው እንቅፋት ድህነት ብቻ አይደለም፤ ልጁ የእርግማን ወይም የኀጢአት ውጤት ነው የሚለው እምነትና ከዚያ የሚመጣው እፍረት ነው። እፍረትን የሚነቅል ደግሞ ዕውቀት ነው።

ዱሼን ወንበር ሳይኖረው፣ ሐሜት ከትውልድ ከተማው ሳያሳድረው፣ አንድ ሣጥን ተሸክሞ ሌሎች አልፈዋቸው የሚሄዱትን በሽተኞች አልጋ ለአልጋ እየዞረ ጎበኘ። በየሰው አገር ተበትነን የምንማር እኛም ወደ ቤት ስንመለስ ወይም ደብዳቤ ስንጽፍ፣ በየዘመዳችን ጓዳ የተደበቀ ልጅ ይኖር እንደሆነ እንጠይቅ። ካለም ያ ልጅ ወደ ብርሃን እንዲወጣ የመጀመሪያውን ቃል መናገር የያንዳንዳችን ኀላፊነት ነው።